የጠብ ልምድ

ጥር 6

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። የማኅበረሰብ ማዕከላችን ሥራ አስኪያጅ ጣቱን የቅጥር ማስታወቂያው አምስተኛ መስመር ላይ አሳረፈ። ነገር የተበላሸው እዚያች ላይ ነው።

በሰፈራችን ጠብ እንዲቀንስ፣ ሥራ ያጡ ጎረቤቶቻችንም እንዲቀጠሩ ሰባት ወር ሙሉ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ። ገንዘቡ ተፈቀደ። "የሰፈር አስታራቂ" የሚለውን መደብ የፈጠርኩትም እኔ። አምስተኛዋን መስመርም እኔው... "በጠብ ውስጥ ያለፈ ቢሆን ይመረጣል።" እሱ "ይመረጣል"ን ሰርዞ "ግዴታ ነው" ብሎባታል። አሁን ለመደቡ ያመለከትኩትም እኔ።

"እህቴ፣ ማንን መትተሽ ታውቂያለሽ?"

"ማንንም።"

"አየሽ።"

ጥር 7

እናቴ ጫማዋን አድርጋ ተነሳች። "ስድስት ዓመትሽ ላይ የአክስትሽን ልጅ ነክሰሻል። ሄጄ እመሰክራለሁ።" ከምሯ ነው። በር ላይ ቆሜ አስቀረኋት።

ጥር 11

ሥራው ለቡጢ ተሰጠ። ቅጽል ስሙን በክንዱ ያገኘ ጎረቤታችን ነው። "እኔ እኮ የጠየቅኩት የጥበቃ ሥራ ነበር" አለኝ አንገቱን ደፍቶ። የማሠለጥነው እኔ ነኝ። በነፃ። "ለሰፈርሽ ስትይ" አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ሰፈሩ የእሱስ አይደለም እንዴ?

ጥር 19

የአናጢነት ሥልጠና ምዝገባ። ሰልፉ ከደረጃው አልፎ መንገድ ወጥቷል። አንዱ ተራ ቀማ፣ ሌላው ወንበር አነሳ። ቡጢስ? ሽንት ቤት ገብቶ ቆልፏል። "ከገባሁበት መምታቴ አይቀርም፤ እንዳልመታ ደግሞ ለእናቴ ምያለሁ" አለኝ ከውስጥ።

መሃል ገባሁ። ወንበሩን ከሰውዬው እጅ ነጥቄ ተቀመጥኩበት። "ስም?" አልኩት። ግራ ገብቶት ስሙን ነገረኝ። ሌሎቹም ተሰለፉ... ከንፈሬ ግን ተሰንጥቋል። የማን ክርን እንደሆነ እንጃ።

"ለገላጋይ የማይተርፍ ዱላ የለም" አለች እናቴ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ እየያዘችልኝ።

ጥር 20

ሥራ አስኪያጁ ከንፈሬን እንደ ዲፕሎማ አገላብጦ አየው።

"እንኳን ደስ አለሽ። መስፈርቱን አሟላሽ።"

የቅጥር ወረቀቱ "በጠቡ የተሳተፈች" ይላል። ልፈርም፣ ሰኞ ልጀምር። ቡጢ ይሰናበታል፤ ከጠብ ስለሸሸ።

"ገላገልኩ እንጂ አልተጣላሁም እኮ።"

"ለገላጋይ መስፈርት የለንም።"

እናቴም ማታ፦ "ፈርሚ ልጄ። ከንፈር እንደሆነ ይድናል።"

ጥር 21

"የተሳተፈች"ን ሰርዤ "ያስቆመች" ብዬ ጻፍኩ። ከማስታወቂያውም አምስተኛዋን መስመር ሰረዝኳት፤ የጻፍኳት እኔ አይደለሁ? ከሥር ጨመርኩ፦ ቡጢ የጥበቃ ሥራውን ያግኝ። ፈርሜ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ተውኩለት።

ሥራውን እፈልገዋለሁ። በጣም። ግን ባስቆምኩት ጠብ ተደባዳቢ ተብዬ አልቀጠርም። የፈጠርኩትን ሥራም ከእንግዲህ ለማንም በነፃ አላስተምርም።