ጰራቅሊጦስን ያስተማርኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ግንቦት 25

«አላስታውስም» አልኩ። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አላስታውስም» አልኩ።

እንዴት አላስታውስም! ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አጎቴ አያ ምናለ ዲከረንስ ሲተክሉ፣ ያን የከተማችንን የቆሰበርን ዙሪያ የሞላውን የከሰል ዛፍ፣ የጎረቤታቸውን የእትዬ ውባለምን መሬት ስድስት እርምጃ ገፍተው ገቡ። አባቴ ያኔ በሕይወት ነበር። ሸምግሎ አስታረቃቸው። ችግኙ አይነቀል፣ ግን ዛፉ ሲቆረጥ ስድስቱ እርምጃ ለእትዬ ውባለም ይመለስ ተባለ። ጽሕፈቷ ያምራል ተብዬ ጻፊ የተባልኩት እኔ።

ዘንድሮ ዛፉ ተቆረጠ። አያ ምናለ መሬቱን ሊመልሱ ቀርቶ አዲስ ችግኝ ሊተክሉበት ጉድጓድ አስቆፍረዋል። የእትዬ ውባለም ወረቀት ጣሪያቸው አፍስሶ ሳጥን ውስጥ በስብሷል። አያ ምናለ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም ይላሉ። አባቴም፣ አብረውት የሸመገሉትም አልፈዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

አያ ምናለ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል። ባሕር ዳር ኮሌጅ ስማር በየወሩ ጤፍና በርበሬ በአውቶቡስ የላኩልኝ እሳቸው ናቸው። ያ ሁሉ ጤፍ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ምላሴን በቆረጠው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ትናንት ዋናውን ነገር ሳልጽፈው ቀረሁ። ፈርቼ ነው። ምስክር ከጠፋ የተከሰሰው ሰው ይምላል፤ የአገሩ ደንብ ነው። ስለዚህ አያ ምናለ በመጪው እሁድ፣ በጰራቅሊጦስ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሊምሉ ተቀጠረ። በሐሰት። እኔ ስለዋሸሁ።

የዚያው እሁድ የወላጆች ጉባኤ አስተማሪ ማን ነው? እኔው። ርእሱስ? ጰራቅሊጦስ። ሳቅ መጣብኝ፤ ደስ የማይል ሳቅ።

ከሰንበት ትምህርት ቤታችን መደርደሪያ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አውጥቼ አነበብኩ። ቃሉ የግሪኮች ነው፤ አባቶቻችን ሳይተረጉሙ እንዳለ ወደ ግእዝ አሻገሩት። እኛ የበዓል ስም አድርገነው «ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ለጠየቀም «አጽናኝ ማለት ነው» ይባላል፤ አለቀ። ነገሩ ግን ሰፋ ያለ ነው። ግሪኮቹ ጰራቅሊጦስ የሚሉት አጠገብ እንዲቆም የተጠራን ሰው ነበር። አንድ ሰው ሲከሰስ ወዳጁን ይጠራል፤ ወዳጁ መጥቶ ከጎኑ ይቆማል፤ ይናገርለታል። ዮሐንስ በወንጌሉ ለመንፈስ ቅዱስ አራት ጊዜ ይለዋል፤ በመጀመሪያው መልእክቱ ደግሞ ለራሱ ለክርስቶስ። ቃሉ አንድ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን ወንጌሉ ላይ «አጽናኝ»፣ መልእክቱ ላይ «ጠበቃ» አለው።

ማስታወሻ ያዝኩ፦
አጽናኝ፦ በሰፊው።
ጠበቃ፦ ጊዜ ካልበቃ ይዘለል።

ጊዜ ይበቃል። አርባ ደቂቃ አለኝ። ማንን ላታልል ነው?

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ እትዬ ውባለም ቤት ሄድኩ። ባጃጁ ጭቃው ጋ ሲደርስ አልሄድም አለ፤ የቀረውን በእግሬ።

ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ። ላጽናና። «አይዞዎት እትዬ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ፤ እኔ የማላውቅ ይመስል! ስኳሩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁኝ። ልጅ ይስጥሽ፣ ጤና ይስጥሽ፣ አፍሽን ማር ያድርገው። የመጨረሻዋ ምርቃት ወጋችኝ።

ስለ ሽምግልናው አንድም ነገር አላነሡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በድንች ማሳቸው ዳር አያ ምናለ ያስቆፈሯቸውን ጉድጓዶች አየሁ፤ በሰልፍ ተቆፍረው ውኃ ይዘዋል። ቆጠርኳቸው፤ ከዚያ መቁጠሬ አሳፈረኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

መሪጌታን ጠየቅኳቸው። ስለራሴ አይደለም፤ ስለ ቃሉ። የእኛ መሪጌታ ሰው ሲጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ሁለቱ ትርጉም እንዴት አንድ ላይ ይሄዳል? «አጽናኝ» ብቻ ብዬ ብተወው ችግር አለው? አልኩ።

እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ማጽናናትማ ከተፈረደ በኋላም ይደርሳል። ለቅሶ ቤት የማይመጣ ማን አለ? ጠበቃ ግን ሳይፈረድ ነው መቆም ያለበት። አባቶች ቃሉን ሳይተረጉሙ የተዉት አንዱን ይዘን አንዱን እንዳንጥል ይመስለኛል።»

ይመስለኛል ነው ያሉት። እኔ ግን ስለ ስኳሩ የሰሙ መሰለኝ። አመስግኜ ወጣሁና በሩ ላይ ጃንጥላዬን ረሳሁት፤ ተመልሼ መግባት አቅቶኝ ዝናቡን ጠግቤ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

አያ ምናለ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቁኝ። ፈረሳቸውን አስረው ቆመዋል። «አኮራሽኝ ሙሌ» አሉኝ። ስለ መሐላው እንዳልጨነቅ ነገሩኝ፤ ውባለም ሰው ማስማል ትፈራለች፣ እሁድ ራሷ ትተወዋለች አሉ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር። «እሺ አያ» ብዬ ገባሁ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼን በማያገባቸው ጮህኩባቸው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

እውነትም ሊተውት ነው።

ለበዓሉ ግቢውን ስንጠርግ እትዬ ውባለም መጥረጊያቸውን ይዘው አጠገቤ መጡ። ቀስ ብለው በአማርኛ ነገሩኝ፤ ለወትሮው አገውኛ ሲያወሩ ነው ቃል የሚቀላቸው። ነገ ለሽማግሌዎቹ «ትቼዋለሁ» ሊሉ ነው። ሰውየው በሐሰት ከማለ ነፍሱ ትጠፋለች፤ ለስድስት እርምጃ ብዬ የሰው ነፍስ አላስበላም አሉ።

የሚገፋቸውን ሰው ነፍስ የሚጠብቁት እሳቸው። እኔ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቷ መምህርት፣ የዘመዴንም ነፍስ፣ የጎረቤቱንም መሬት በአንድ ቃል ሸጬ እጠርጋለሁ። «አይተዉት» ልላቸው ፈለግሁ። «ይሻላል» አልኩ። ይሻላል! እኔስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እሁድ፣ ሰኔ 1። ጰራቅሊጦስ

ጽሕፈቴ ዛሬ አያምርም።

አስተማርኩ። ሁለቱንም ትርጉም። ሕዝቡ ወደደው፤ እትዬ ውባለም ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እውነቱን ልጻፈው፦ ሲወደድልኝ ደስ አለኝ። እንደዚያ ሆኜም ደስ አለኝ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እትዬ ውባለም እንዳሉት ተነሥተው ትቼዋለሁ አሉ። ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። ለምርቃት ብድግ ብለዋል። አያ ምናለ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ያኔ ነው የተናገርኩት፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ። ጀግና አይደለሁም።

«ወረቀቱ ነበረ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛፉ ሲቆረጥ መሬቱ ለእትዬ ውባለም ይመለስ ይላል» አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ፣ እንግዲያው ባለፈው እሁድ ለምን አላስታውስም አልሽ ብለው ጠየቁኝ። «ዋሽቼ ነው» አልኩ። ሰዎቹ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ከደቂቃዎች በፊት አሜን ይሉልኝ የነበሩ ሁሉ።

መሬቱ እንዲመለስ ተፈረደ። አያ ምናለ ፈረሳቸውን ፈተው ሄዱ። እኔ ደግሞ ንስሐ አባቴ ዘንድ እንድሄድ፣ እትዬ ውባለምንም በዚያው ይቅርታ እንድጠይቅ ሽማግሌዎቹ አዘዙኝ። እትዬ ውባለም እግር ላይ ወደቅሁ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው አነሡኝና በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፦

«እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። ያን ቀን ስትጽፊ ነፋሱ ወረቀቱን እያነሣ ሲያስቸግርሽ፣ አጠገብሽ ቆሜ በእጄ የያዝኩልሽ እኔ አይደለሁም?»

እሱን ረስቼው ነበር። እውነቴን ነው፤ እሱን ረስቼው ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

የሐዋርያት ጾም ገባ። ንስሐ አባቴ የሰጡኝን ስግደት ጀመርኩ፤ ጉልበቴ አልለመደም።

ከሰዓት በኋላ አያ ምናለ ቤት ሄድኩ። ሚስታቸው በር ላይ ቆመው ያጎረሰ እጅ ተነከሰ አሉኝ። ልመለስ ስል አያ ምናለ ከጓሮ መጡ፤ እጃቸው አፈር ነው፤ ጉድጓዶቹን ሲደፍኑ ውለዋል። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እምል ነበር እኮ» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል። «እሷ ባትተወው፣ አንቺም ባትናገሪ፣ ከደጁ ቆሜ እምል ነበር። ሌሊቱን ያንን ሳስብ አደርኩ።»

ግቢ አላሉኝም፤ ሂጂም አላሉኝም። ሚስታቸው ውኃ በጆግ አምጥተው በአያ ምናለ እጅ ላይ ማፍሰስ ጀመሩ፤ ከዚያ ጆጉን ለእኔ ሰጥተውኝ ወደ ውስጥ ገቡ። እኔም አፈሰስኩላቸው።