ቀይ ክር የታሰረበት ቦሎቄ

አዳማ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለጂቱ ገላና፣

ጂቱ ኮ፣ ጂቱዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፍ ምን ይሉታል ብለሽ ትስቂ ይሆናል። በስልክ መዋሸት ስላቃተኝ ነው። ሠላሳ ዓመት የመልካሳ እርሻ ምርምርን ሰርቪስ ስነዳ አርፍጄ እንኳ ምክንያት መፍጠር አልችልበትም ነበር። ሰሞኑን እናትሽ «ድምፅህ ያሳብቃል» ብላ ስልኩን እየነጠቀችኝ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ቦሎቄሽ የለም።

ያ ለምርምርሽ የመጨረሻ ሙከራ የምትጠብቂው፣ እህትሽ ፋና ከጓሮ የዘራችልሽ። ፀሐይ ስለሚያማት የእናትሽን ጃንጥላ ይዛ ነበር የምትኮተኩተው። ሌላው ሁሉ ዋግ ሲመታው ጤነኛ ሆኖ የቀረውን ተክል እየለየች ቀይ ክር አሰረችበት። ጥቅምት ላይ ለቅማ ፈለፈለችው፤ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ከእህል በርሜሉ ውስጥ አስቀመጠችና «አባዬ፣ የጂቱ ነው፣ አደራ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ኅዳር ስምንት ቀን ቤታችን በሰው ሞላ። የጎረቤታችን የአቶ ሱሩር ባለቤት ዙለይካ ከሁሉ ቀድማ መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ጓዳ ገባችና «ጋሼ፣ ለንፍሮ የሚሆን እህል የት ነው?» አለችኝ። «በርሜሉ ውስጥ አለ» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። ቦሎቄሽንም ከስንዴው ጋር ቀቀለችው። እኔም ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ከሰው ጋር ዘገንኩ፤ የምበላው ምን እንደሆነ አላየሁትም። በሦስተኛው ቀን ነጩ ጨርቅ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁ። እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር።

ለዙለይካ አልነገርኳትም። አንቺም አደራ እንዳትነግሪያት፣ ያን ቀን ያለ እሷ አንቆምም ነበር።

ጂቱ፣ ሐኪም ቤት ላቦራቶሪ የገባሽው ለፋና ብለሽ እንደነበር አውቃለሁ። ሉፐስ የሚሉትን በሽታዋን ስታስረጂኝ «የሰውነቷ ዘበኛ የቤቱን ባለቤት ሌባ ብሎ ይደበድባል» ብለሽኝ ነበር፤ ለሹፌር የሚገባ አማርኛ ነው። ኢሚዩኖሎጂውን፣ የዚያን የሰው ዘበኛ ትምህርት፣ ትተሽ ወደ ዕፅዋት ስትዞሪ ዘመድ ሁሉ «ከሰው ወደ ቦሎቄ ወረደች» አለ። እኔም በሆዴ አኩርፌ ነበር፣ ይቅር በይኝ። የገባት ፋና ብቻ ናት። «ቅጠሉ ላይ የታመመችው ሴል ብቻ ሞታ ሌላው ይተርፋል አባዬ። የቦሎቄ ዘበኛ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ያውቃል። ጂቱ ሚስጥሩን ደርሳበት ትነግረኛለች» ትል ነበር። መድኃኒቷን እየዋጠች ነው ይህን የምትለው።

ባለፈው ማክሰኞ ጓሮ ወጥቼ የተከመረውን ገለባ በእጄ በተንኩት። ቀይ ክር ያለበትን አንድ በአንድ አየሁ። ሳይፈለፈል የቀረ አሥራ አንድ ፍሬ አገኘሁ። ዘሩ ከአገር እንዲወጣ የሚፈቅደውን ወረቀት መልካሳ ያለው ጓደኛሽ ጀቤሳ ጨርሶልኛል። ፍሬው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው፤ ክሩንም አብሬ ጠቅልዬዋለሁ። አሥራ አንድ ፍሬ ለሙከራ ይበቃ እንደሆነ አላውቅም። ከበቃሽ ዝሪው፣ ሚስጥሩን ስትደርሺበት ደግሞ ለእኔ ጻፊልኝ። ባይገባኝም አነበዋለሁ።

እናትሽ ሙሉዬ በጣም ትናፍቅሻለች። አቶ ሱሩርና ዙለይካ ሰላም ይሉሻል። ዕቃ ስንልክልሽ ከማስታወሻዬ በታች ሁልጊዜ በራሷ እጅ ሁለት መስመር የምትጨምርልሽን እህትሽን ታውቂያታለሽ። እዚህም ቦታዋን ባዶ ትቼዋለሁ፤ መሙላት አልሆነልኝም።

ልጄ፣ ደብዳቤውን ከአገር ቤት ይዞልሽ የመጣው ኃይለየሱስ ብቻውን አልመጣም። የቤተ ክርስቲያናችሁ ሽማግሌዎች በማለዳ አብረውት ሲገቡ ልብሽ ሳይጠረጥር አይቀርም። ከመናገራቸው በፊት ይህን እንድታነቢ የለመንኳቸው እኔ ነኝ፤ ከሰው አፍ ሳትሰሚ አባትሽ እንዲቀድም ብዬ። ብቻሽን እንዳትሆኚ፣ አልቅሺ፣ ከዚያ እህል ቅመሺ። ጌታ መግቢያ መውጫሽን ይጠብቅ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክ፣ እንባሽን በእጁ ይጥረግ።

አሁን ወረቀቱን እጠፊና ቀና ብለሽ ስሚያቸው።

አባትሽ ገላና