የሎጊያ ሙሽሮች

ጥቅምት 3
አዋሽ። ሙቀት። ሲመሽ ሱሪዬን ሰብስቤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ትንኝ እግሬ ላይ ስታርፍ በቱቦ መጥጦ ብርጭቆ ውስጥ መክተት... ይሄም የወባ መሥሪያ ቤት ሥራ ተብሎ ደሞዝ አለው! እኩዮቼ ለውትድርና ታፈሱ፤ እኔ ለትንኝ ሆቴል ቤት ሆንኩ።

እህቴ ሐቢባ ከሻይ ቤቷ ብቅ ብላ፣ "ዛሬ ደግሞ ምን ሠራህላቸው?"
"ጥሬ ሥጋ!"
ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሆዷ ገፍቷል። አጎት ልሆን ነው፣ እኔ ከድሩ!

ጥቅምት 5
አለቃዬ አቶ ጉልላት ሎጊያ ሊልኩኝ ነው። የዚያን አገር ትንኝ የወባው መርዝ ዲዲቲ አይገድላትም አሉ። እዚያ አውሮፕላን የጥጥ እርሻው ላይ መርዝ ሲረጭ የሞተችው ሞተች፤ የተረፈችው ወለደች። ልጆቿም እንደ እናታቸው። የአዋሿ ግን ገና ትሞታለች።
"ጉዱ ሁለቱ የተጋቡ ዕለት ነው።"
"ሽማግሌ ልላክ?" አልኳቸው።
አልሳቁም። "በሕይወት ይዘህልኝ ና፣ እዚህ እንድፈትናቸው። አንዷም እንዳታመልጥህ።"

ጥቅምት 9
ተመለስኩ። ቢሮ ሳልደርስ ሐቢባ ጋ ገባሁ። ብርጭቆውን በሻርፕ ሸፍኜ፣ "እልል በይ! ከሎጊያ ሙሽራ አመጣሁ!"
እልል ብላ ሻርፑን ስትገልጥ የብርጭቆው አፍ የታሰረበት ሻሽ አብሮ ተነሳ... ቡን! ትንኞቹ ጣራው ውስጥ ገቡ። "አንተ ሸይጣን!" እያለች በፎጣ ታባርራለች። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።
ለአቶ ጉልላት "መንገድ ላይ ሞቱ" አልኳቸው።

ጥቅምት 24
ሐቢባ አተኮሳት። ትንቀጠቀጣለች።

ጥቅምት 25
የወባውን ኪኒን ዋጠች፣ አስመለሳት። ደግማ ዋጠች፣ አስመለሳት።
"ሙሽሮችህ ናቸው እንዴ?" አለችኝ። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። እየቀለደች ነው... አይደል?

ጥቅምት 27
ለአቶ ጉልላት እውነቱን ነገርኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር። ቁጭ አሉ።
"በየቀኑ ከሎጊያ የጭነት መኪና ይመጣል። ሸራው ሥር ስንቷ ተሳፍራ ትመጣለች?"
"እንግዲያ እኔ አይደለሁም?"
"አላውቅም፣ ልጄ።"
ቢመቱኝ ይሻል ነበር።
ቤቷን ዲዲቲ አስረጩልን። ግድግዳው ነጣ።

ጥቅምት 29
ትናንት ከዚያው ከነጣው ግድግዳ ትንኝ ለቀምኩ። ዲዲቲ የጠጣ ወረቀት ባለበት ቱቦ አቆይተናቸው ነበር። ዛሬ አየን። አንዳንዷ በጀርባዋ ተዘርራለች። ሌሎቹ ቆመዋል። ቆመዋል!
"ሰርጉ ተደግሷል" አሉ አቶ ጉልላት።
የራሴ ቀልድ ነው። አልሳቅኩም።

ኅዳር 1
ልጁ ያለጊዜው መጣ። ሞቶ። ወንድ ነበር። አዋላጇ ሸጊቱ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እጄ ላይ ምንም አይከብድም... ምንም።
የሐቢባ ትኩሳት አልወረደም። ያ ረቢ፣ እሷን እንኳ ተዋት።

ኅዳር 3
አጎበር ፈልጌ አጣሁ። ከዚህ እስከ አዋሽ አርባ ዞሬ አጣሁ።
ሲመሽ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሱሪዬን ሰበሰብኩ። ቱቦ አልያዝኩም። አንዷ ትንኝ መጥታ የሐቢባን ፊት ዞረችው።
"ወዲህ ነው፣ ወዲህ" አልኳት።
"ማንን ነው?" አለች ሐቢባ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።
"ሙሽሮቹን።"
"ምን... ሠራህላቸው?"
"ጥሬ ሥጋ።"
ከንፈሯ ነቅነቅ ያለ መሰለኝ። መሰለኝ?
ትንኟ እግሬ ላይ አረፈች። አልመታኋትም። ትብላ። እህቶቿንም ትጥራ፣ ይጥገቡ። ብቻ ወደ አልጋው እንዳይሄዱ።