ለይመር ወንድም የነገርኩት

ልጄ ሰርካለም፣ የአገራችን ጊዮርጊስ ጅዳ ድረስ ተከትሎ ጥላ ይሁንሽ። እዚህ መተማ ዝናቡ ቆሟል፣ ሙቀቱ ግን ቤት አያስቀምጥም። ፍየሏ መንታ ወልዳለች።

ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ ይመር የሚባል ልጅ እባብ ነደፈው። የእርሻው ባለቤት አቶ ደረበ «መኪናው ሰሊጥ ይጭናል» ስላሉ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ። ወንድሙ ሊፈልገው ሲመጣ፣ እሳቸው ቀድመው «ደህና ሆኖ ወደ አገሩ ሄዷል በዪው» አሉኝ። ለሠራተኞቻቸው ምግብ እየሠራሁ በእሳቸው ቤት እንደምኖር ታውቂያለሽ። ወንድሙ ግን ደጄ ላይ ቆሞ፣ «እማማ፣ እናቴ በር በሩን እያየች ነው» ሲለኝ አፌ እምቢ አለኝ። ወስጄ የይመርን መቃብር አሳየሁት።

አሁን ቤቱን ልቀቂ ተብያለሁ። የጎንደሩ መንገድ ተዘግቷል፣ ማዶ ሱዳንም ጦርነት ነው፤ መግቢያ አጥቻለሁ። ጎረቤቶቼ «ለማታውቂው ሰው ብለሽ!» ይሉኛል። ለአቶ ደረበ ዋሽቼ አላውቅም፤ ለቀን ሠራተኛ ወንድም ስለምን እዋሻለሁ?

ከክፉ ይሰውርሽ፣ የአሠሪሽን ልብ ያራራልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ስትደውዪ ድምፅሽ እየተንቀጠቀጠ «ደህና ነኝ» አትበዪኝ። እውነቱን ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ።

እናትሽ አሰበች