ከእጄ ያልወረደችው ካርድ

ማርች 3፣ እሑድ

የተማሪዎቹን አውቶቡስ ጠራረግኩ። ልብስ አጠብኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ሰብሳቢዎች የሚሻሟቸውን የቤዝቦል ካርዶች የሳምንቱን ሽያጭ ከኢንተርኔት ወደ ደብተሬ ገለበጥኩ። ሻጭ የጠራውን አይደለም... ገዢ የከፈለውን። መጥራትማ ማን ይከለክላል?

የ1957ቱ ሃቨርካምፕ፣ የተጫዋቹ ፎቶ ያለበት ካርድ፣ ንጹሑ በ2,100 ዶላር ሄደ። ላዩ ላይ የተጻፈበት በ640። የአባባ የተጻፈበት ነው። በዘጠኝ ዓመቱ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ተጫዋቹ ደረት ላይ፦ «የኖርበርት ነው። እጃችሁን ሰብስቡ!»

ነፍሱን ይማር። እንዴት ያለ ልጅ ነበር!

ማርች 9፣ ቅዳሜ

ወንድሜ ቨርነን ደወለ። ፈንድቋል። ካርድ ነጋዴው ክላይድ የአባባን ካርድ አይቶ «እስክሪብቶ ነክቶታል፣ ምንም አያወጣም» ብሎታል። ግን ለወዳጅነት ሲል በሦስት ካርቶን የ1989 ካርድ ሊለውጠው ነው። ያልተከፈተ!

«የዋጋ መጽሐፌ አንዱን ካርቶን ዘጠኝ መቶ ዶላር ይላል» አለኝ።

«መጽሐፉ የመቼ ነው?»

«የ... 1991።»

ወይ ጉድ! የዚያን ዘመን ካርድ እኮ እንደ አሸዋ ነው የታተመው። ዛሬ ካርቶኑ በሃምሳ ዶላር እንኳ ፈላጊ የለውም። ነገርኩት። ካርዱም የሁለታችን ነው አልኩት።

«አንቺ አውቶቡስሽን ንጂ» አለኝ።

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እሱና ክላይድ የፊታችን ቅዳሜ ካርድ ገበያው ላይ ተጨባብጠው ሊለዋወጡ ነው። ቆይ ብቻ።

ማርች 16፣ ቅዳሜ

እግሬ አልቋል። ግን ይጻፍ።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ገበያው የሚካሄድበት የእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ ደረስኩ። ገበያው ሞልቷል። ካርዱ ክላይድ ጠረጴዛ ላይ፣ ቨርነን እጁን ሊዘረጋ... ካርዱን ብድግ አደረግኩት፣ ከነፕላስቲክ ሽፋኑ። እዚያ አዳራሽ፣ አንድ ሰው ካርድ አንስቶ እያየ ከሆነ፣ እስኪያስቀምጠው ድረስ ሌላ ማንም በዚያ ካርድ አይዋዋልም። ሁለቱም በዚህ ሕግ ያረጁ ናቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ክላይድ።

«እያየሁ።»

አንድ ሰዓት አየሁ። ሁለት ሰዓት። ሆት ዶጌን በግራ እጄ በላሁ።

«ኧረ እመቤት፣ አስቀምጪው!»

«ገና ደረቱ ላይ ነኝ።»

ሰው ሳቀ። ክላይድ ቲማቲም መሰለ። ሽንቴ ወጥሮኛል... አልሄድም! ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላስቀምጥም።

ቨርነን ተጠግቶ «እባክሽ አታዋርጂኝ» አለኝ። አንጀቴን በላኝ፣ እውነቱን ለመናገር። ደብተሬን ሰጠሁት። የስድስት ዓመት እሑዶች። ሌላ ሥራ የለው፣ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ ጎረቤት ጠረጴዛ ሄዶ «የ89 ካርቶን በስንት ትገዛለህ?» ሲል ሰማሁት። ሰውዬው የሳቀው ሳቅ!

ተመልሶ መጣ። «ክላይድ፣ ምንም የማያወጣ ካርድ ምን ያደርግልሃል?»

ክላይድ ካርቶኖቹን ማስተካከል ጀመረ። አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ሲዘጋ ካርዱን እንደያዝኩ ወጣሁ።

ማርች 17፣ እሑድ

ክንዴ አይታጠፍም። ቨርነን አልደወለም። አይደውል!

ኤፕሪል 7፣ እሑድ

የተጻፈበት ሃቨርካምፕ ወደ 580 ወረደ። ገልብጬ ሳልጨርስ ቨርነን ደወለ። በእሑድ ሲደውልልኝ ይሄ ሦስተኛው ነው።

«ዛሬስ ስንት ገባ?»

ነገርኩት።

«ወረደብን እኮ! ግን... አንሸጠውም አይደል?»

«አንሸጠውም።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ምን ያለፋሻል?»

«ሁለተኛ ማንም መጥቶ የአባባ ነገር ምንም አያወጣም እንዳይለን ነዋ!»

ወረቀት ሲገልጥ ሰማሁት።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እኔም ደብተር ገዝቻለሁ። እንድጽፈው ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»