ፊቷን ሳላይ ስም አላወጣም

ውድ አባብዬ፣

ከተለየኸን አምስት ወር ሞላ። መንፈቅህ እየደረሰ ስለሆነ እማዬ ከአሁኑ ጌሾና ብቅል እያሰባሰበች ነው። እኔ የምጽፍልህ ግን ስለ መንፈቅህ አይደለም። ወልጃለሁ። ሴት ልጅ ናት፣ ደህና ናት፣ ወፍራለች። ስም ግን የላትም፤ ጥፋቱም ያንተ ነው።

የላትም ስልህ በዝቶባት ነው። እማዬ ሚጣ ትላታለች። ወንድሜ ወጋገን ደግሞ ስታለቅስ ቤቱን ሁሉ ስለምታሯሩጥ አለቃ ብሏታል። የባለቤቴ እናት በሲዳምኛ የምታቆላምጥበት አንድ ቃል አላት፤ አንተ ብትሰማው ኖሮ ትርጉሙን፣ ከየት እንደመጣ፣ ሌላ ምን ላይ እንደሚባል ሳትጠይቅ ሴትዮዋን ምሳ አታስበላትም ነበር። እኔ ልጄ ብቻ እላታለሁ። ጎረቤት ስሟ ማን ተባለ ባለ ቁጥር ገና ነው እያልኩ ይኸው ክርስትናዋ ደረሰ።

ነሐሴ ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ሐኪሙ ሴት ናት እንዳለኝ ነግሬህ ስም እንድትፈልግላት ለምኜህ ነበር። መዝገበ ቃላቱ ጭንህ ላይ ነበር። መነጽርህን አውልቀህ አየኸኝና «ፊቷን ሳላይ ስም አላወጣም» አልከኝ። እኔም ሳቅሁ። ጊዜ ያለን መስሎኝ ነበር።

ደንቡ አዲስ አልነበረም፤ እኛንም የሰየምከን በዚያው ነው። የኔን ስም የሚሰማ ሰው ሁሉ በተወለድኩ ቀን ሲያካፋ የዋለ ይመስለዋል። ፀሐይ ነበር አሉ። እንደ ሌላ ሕፃን አልጮህኩም፤ ዝም ብዬ እንባዬን ጠብ ጠብ አደረግሁ። አንተ ፊቴን እያየህ ሳምንት ሙሉ መዝገበ ቃላቱን ስታገላብጥ ቆየህና ካፊያ አልከኝ። ትምህርት ቤት ስሜ በተጠራ ቁጥር ልጆቹ ዣንጥላ አምጡ ይሉ ነበር። ለምን እንደ ሰው ልጅ ሔለን አላልከኝም ብዬ ያለቀስኩበትን ቀን አልረሳውም። አንተም እንባዬን አይተህ፣ ይኸው አሁንም እያካፋሽ ነው ብለህ ይባስ አስለቀስከኝ።

መዝገበ ቃላቱ አሁንም ከሬዲዮኑ አጠገብ ነው። እማዬ ጠዋት ጠዋት አቧራውን ትጠርግለታለች፤ አትከፍተውም። የእሑዱ ጨዋታችንም አንተ ከሄድክ ወዲህ ቆሟል። ከምሳ በኋላ እጃችንን ታጥበን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ገጹን ገልጠን ጣታችንን ማሳረፍ። የጠቆምነው ቃል ለሳምንቱ የኛ ነው፤ መለወጥ የለም። እስከ ቀጣዩ እሑድ በቦታው ያልተጠቀመበት ሰው ዕቃ ያጥባል። እማዬ እፍታ የደረሳት ሳምንት ትዝ ይልሃል? የወጡን እፍታ ላንተ፣ የሻዩን እፍታ ላንተ፣ በመጨረሻ የመታጠቢያውን ውሃ እፍታ ሳይቀር ላንተ አለችህ። ወጋገን ቃርሚያ ደርሶት እንግዶች በሄዱ ቁጥር የተረፈውን ብስኩት ቃርሚያ ነው እያለ ጠራርጎ በላ። አንተ ደግሞ ዳፍንት ደረሰህ። ዕቃ ላለማጠብ ብለህ መብራት የጠፋ ዕለት ሆን ብለህ ከበሩ ጋር ተጋጨህና፣ ዳፍንት ያዘኝ ልጆች፣ ማታ ማታ ዓይኔ አያይም አልክ። ግንባርህ አብጦ ሰነበተ። ቀያሽ ሆነህ በየገጠሩ መሬት ስትለካ የኖርክ ሰው የገዛ ቤትህን በር ስተህ ተጋጨህ ብለን ስንስቅብህ ከረምን።

ደጃችን ኮብልስቶን ተነጥፏል። ብስክሌትህን ወጋገን ወስዶ ይነዳታል፤ ሰንሰለቷን ግን እንዳንተ ዘይት አይቀባላትም። አቮካዶው ዘንድሮ ከልክ በላይ አፍርቶ ለሰፈሩ ሁሉ አደልን። ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ እማዬ የታጠበ ልብስ እየከመረችበት ቦታ አሳጥታዋለች።

ከወለድኩ በኋላ መዝገበ ቃላቱን አውርጄ ከፈትኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ምልክት ፈልጌ ነበር። የእርሳስ ጭረት፣ የታጠፈ ጥግ፣ የሆነ ነገር። ምንም የለም። ጥግ ስናጥፍ እጃችንን በማስመሪያ የምትመታ ሰው ምን ልትተውልኝ ትችላለህ? እያወቅሁ ገጽ በገጽ ፈለግሁ።

ከዚያ ተናድጄ ከሀ ጀመርኩ። ልጄን እያጠባሁ በአንድ እጄ እገልጣለሁ። ስም እየፈለግሁ ሌላ ሌላውን ሁሉ አገኛለሁ። ወር የሚብትበት ቀን መባቻ ይባላል፤ ለካ ስንት ወር ሳላውቀው ገብቶ ወጥቷል። አንዱን ቃል አይቼ ደስ ሲለኝ አባብዬ ስማኝማ ብዬ ቀና እላለሁ። ወንበሩ ላይ የተከመረው ልብስ ነው ያለው። አንተም እንዲህ ነበርክ። ከጓሮ ድረስ ትጣራና፣ ሳሙና በእጃችን ይዘን ስንመጣ አንድ ቃል ታነብልናለህ። ለዚህ ነው የጠራኸን ብለን እንነጫነጭ ነበር። አሁን እኔ የምጠራው ሰው አጣሁ።

የሚቆጨኝ ስሙ ብቻ አይደለም። እሷን ጭንህ ላይ አስተኝተህ፣ አንዴ ፊቷን አንዴ ገጹን እያየህ፣ አይሆንም፣ ይሄም አይመስላትም እያልክ የምትቆይበት ያ ሳምንት ነው የቀረብኝ። የኔን ጊዜ አላስታውሰውም። የሷን ግን አየው ነበር። በሁለት ወር ተላለፋችሁ አባብዬ፣ በሁለት ወር ብቻ።

ፊቷን ላሳይህ ባስብም ያረፍከው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። እኔ አራስ ነኝ፤ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ሳትነሳ እሷም እኔም አንገባም። ለክትባት ስወስዳት ባጃጁ በአጥሩ በኩል ያልፋል። እዚያ ስንደርስ ነጠላውን ከፊቷ ገልጬ ወደ ግቢው አዞራታለሁ። ሹፌሩ በመስታወት ያየኛል። ምን እንደሚያስብ እንጃ።

ማክሰኞ ጠዋት ግን አንድ ነገር ሆነ። ከእንቅልፏ ነቅታ ሳታለቅስ በመጋረጃው የሚገባውን ብርሃን ስታይ አገኘኋት። ቅንድቧን ሰብሰብ፣ ከንፈሯን ትንሽ ከፈት አድርጋ ነበር፤ አንተ የማታውቀው ቃል ሲገጥምህ የምታደርገውን። ከሁለት ሳምንት በፊት አይቼ ያለፍኩት አንድ ቃል ያን ጊዜ ራሱ መጣልኝ። መዝገበ ቃላቱን አውርጄ ትርጉሙን ደግሜ አነበብኩና ቀና ብዬ አየኋት። እሷው ናት። አንተ ያኔ ሳምንት ሙሉ ምን ስታደርግ እንደነበርክ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ቃሉን ለማንም አልነገርኩም። እማዬ ብትለምነኝ፣ ወጋገን ቢቆጣኝም እምቢ አልኩ። ክርስትናዋ ቅዳሜ ነው። የክርስትና ስሟን ቄሱ ይሰጧታል፤ እሱ የሳቸው ነው። ተጠምቃ ስትወጣ፣ ፀጉሯ ሳይደርቅ፣ ድግሱ ወዳለበት ሳንሄድ፣ መጀመሪያ አንተ ጋ እንመጣለን። ነጠላውን እገልጥልሃለሁ፤ ሳልቸኩል እቆማለሁ።

ከዚያ እሑድ ጨዋታውን እንጀምራለን። ልብሱን ከወንበርህ ላይ አነሳለሁ፤ ጣቷን ይዤ ገጹ ላይ የማሳርፈው እኔ ነኝ። እስክታድግ ድረስ የሷን ዕቃም እኔ አጥባለሁ። ማን እንዳስጀመረን በየሳምንቱ እነግራታለሁ፤ ስለ ግንባርህም ጭምር።

ስሟን እዚህ እንድጽፍልህ እንደምትፈልግ አውቃለሁ። አልጽፈውም። ፊደሉን እንኳ አልነግርህም። መጀመሪያ ፊቷን እያት።

ልጅህ
ካፊያ