ያላበበው የድሬዳዋ ዛፍ

ሰመራ፣ ግንቦት 14

የድሬዳዋ ዛፌ ዘንድሮም አላበበም። ሟች ባለቤቴ ዘሩን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ ለቅማ አምጥታ ከአጥራችን ውጭ የተከለችው ነው። በመስከረም ጡረታ እወጣለሁ። በቀይ አበባው ቀልቶ ሳላየው ከዚህ አገር መሄዴ ያበግነኛል። ያላበበበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ የተማርኩት ስለ ተክል ነው። ይህ ዛፍ ውሃ ካልተጠማ በደንብ አያብብም። ጎረቤቴ ባለሱቁ ሰይድና ደንበኞቹ ግን በየሶላቱ ውዱእ ሲያደርጉ የሚታጠቡበትን ውሃ የሚያፈሱት ሥሩ ላይ ነው።

ከምሳ በኋላ በቁጣ ወጣሁ።

«ሰይድ! ውሃውን ሌላ ቦታ አፍስሱ ብያለሁ! አበባ ከለከላችሁት እኮ!»

«ኧረ ጋሼ፣» አለ እየሳቀ፣ «በዚህ ሐሩር አበባው ምን ያደርግልዎታል? ይልቅ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ።» ምንጣፉን ሳብ አደረገልኝ።

ልከራከረው ተቀመጥኩና እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ዛፉ እሳት መስሎ፣ እሷ ቀያዮቹን አበቦች ከነጠላዋ ላይ እያራገፈች ትስቃለች። ስነቃ ሁሉም ውሃ የጠገበ አረንጓዴ ቅጠል ነው። ያን ያህል ተኝቼ ፀሐይ አልነካችኝም።

የአሱር ሶላት ደርሷል። ሰይድ ጆጉን እንደያዘ ቆሞ ፊት ፊቴን ያያል።

«እዚያው አፍስስ» አልኩት።